ሙቀት ለብርድ አገር ብቻ ነውን?

በሌላው ዓለም ያሉ ከተሞች ውሃን በአንድ ስፍራ እያሞቁ፥ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ለየቤቱ እንደሚያድሉ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን ብናጫውተው፥ «እነርሱ በረዶ ስላለባቸው ነው፤ ለእኛ ፀሐይ ሞልቶ ተርፎን ሳለ ሙቀት ምን ይሠራልናል?» ብሎ ነገሩን በሳቅ ዘጋው። በዚያ የነበሩትም ሁሉ አብረውት ሳቁ። እኛ ግን ሳቁ አገርን የሚጎዳ ሳቅ ስለ መሰለን፥ ክርክሩን ከቢሮ አውጥተን በአንባቢ ፊት ለማቆም ወደድን።

ለመሆኑ ሙቀት የማይፈልግ ቤት በኢትዮጵያ አለን? እንጀራው የሚጋገር፥ ወጡ የሚበስል፥ ቡናው የሚፈላ፥ ለጠላው አሻሮው የሚታመስ በእሳት አይደለምን? የብርድ አገር ሰው እሳትን የሚሻው ለገላው ሲሆን እኛ የምንሻው ለሆዳችን ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ባልደረባችን ሊስቅ የቻለው ማዕዱ ቀርቦ ስለሚቆየው ነው። ከማዕዱ በስተጀርባ ያለውን ጭስ አያየውም።

ነገሩ በዐይን እንዲታይ ወደ ወረታ እንሂድ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ ያለች የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። ሜዳውን ርብና ጉማራ በየክረምቱ ያጠጡታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጣና ጋር ተባብረው ያጥለቀልቁታል። ቀድሞ በከብቱ ስሙ የታወቀው ይህ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝን ለመደ። ዛሬ ሩዝን ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚሁ ነው።

በአንድ የጥር ወር በሥራ ጉዳይ ወደዚያ ወርደን ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ መፈልፈያ ወፍጮዎቹ ያለ ዕረፍት የሚጮኹበት ጊዜ ነው። ከአንደኛው ወፍጮ ቤት ጓሮ የሩዝ ገለፈት እንደ ኮረብታ ተከምሮ፥ ከሥሩ እሳት ተለኩሶበት፥ ሳይነድም ሳይጠፋም ቀንና ሌሊት ይጨሳል። ጭሱ በመንገዱ ላይ ተኝቶ የሚያልፈውን ሁሉ ያስላል። ከዚያ ክምር ጥቂት ራቅ ብለው አንዲት እናት ለገበያ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ከምጣዳቸው ሥር ያለው ግን ኩበት ነው። ማገዶ በደጃቸው ተጥሎ ሳለ ስለ ምን ኩበት በገንዘብ እንደሚገዙ ብንጠይቃቸው፥ «እናንተ የመንግሥት ሰዎች፥ ሞክረን የተውነው አይምሰላችሁ፤ ገለፈት በእኔ ምድጃ ያፍናል እንጂ አይነድም» አሉን።

መልሳቸው ትክክል ነው። ገለፈት ደቃቅ ስለሆነ ተደላድሎ ይተኛል፤ አየርም አያሳልፍም። በሦስት ጉልቻ ላይ ቢጨምሩት ጭስ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን አየር በማራገቢያ እየተነፋለት፥ በተዘጋጀለት እቶን ውስጥ ጥቂት በጥቂት ቢገባ አጥብቆ ይነዳል። ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣል፤ ሦስት ኪሎ ገለፈትም የአንድ ኪሎ ናፍጣ ያህል ሙቀት በውስጡ አለው። እንግዲህ በቀን 50 ኩንታል የሚፈለፍል አንድ ወፍጮ 10 ኩንታል ገለፈት ቢተፋ፥ ከ300 ኪሎ የሚበልጥ ናፍጣ ጓሮ ውስጥ አፍስሶ እሳት እንደ ለቀቀበት ይቈጠራል። ናፍጣውን እንዲህ የሚያደርግ ባለወፍጮ ቢገኝ አእምሮው ተናወጠ ይባል ነበር፤ በገለፈት ሲያደርገው ግን ጓሮውን አጸዳ ተብሎ ይመሰገናል። (እርግጥ አንዳንዱ ወፍጮ ገለፈቱን ከፉርሽካው ጋር አድቅቆ ስለሚያወጣው ለከብት መኖ ይሸጣል። እኛ የምንናገረው ተለይቶ ስለሚጣለው ነው።)

አየርን ስለሚያሞቀው የካርቦን ጭስ የሚጨነቁም አንድ ነገር ይገንዘቡ። በገለፈቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሩዙ በዚያው ክረምት ከአየር የወሰደው ነው፤ ሲነድ የሚመለሰውም ያው ነው። ናፍጣና የድንጋይ ከሰል ግን በምድር ሆድ እጅግ ብዙ ዘመን የተቀበረውን አውጥተው ይጨምሩበታል።

ስለ ኩበቱ ዝም ብለን ብናልፍ ደግሞ ነገራችን ግማሽ ይሆናል። ኩበት የእርሻው ጉልበት ነው። ዛፍ በሳሳበት በዚያ ሜዳ ባላገሩ እበቱን ጠፍጥፎ ከግድግዳ ላይ ያደርቅና ያነደዋል፤ ከዚያም መሬቱ ሲደክምበት ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። ይህን የምንለው ባላገሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ሌላ ማገዶ ሳናሳየው «እበትህን ወደ እርሻህ መልስ» ብለን የምንሰብከውን ለመውቀስ ነው። ከሰባኪዎቹም መካከል እኛ ራሳችን አለንበት።

በዚህ ጊዜ ባልደረባችን ሌላ መከራከሪያ አመጣ፤ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከእንግዲህ ሁሉም በኤሌክትሪክ ይጋግራል» አለን። እኛም በግድቡ ደስ የሚለን እንደ እርሱ ነው። ዳሩ ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። በበዓል ዋዜማ 3,500 ምጣዶች ባንድነት ቢጣዱ፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ እንኳ አይበቃቸውም። ግድቡ ኃይሉን ቢያመነጭም፥ ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦና ትራንስፎርመር የዚያኑ ያህል ካልጠነከረ የበዓሉ ሊጥ ኮምጥጦ ያድራል። በደጅ የወደቀውን ሙቀት መሰብሰብ ለመብራቱ ጭነት ማቅለል እንጂ ከመብራቱ ጋር መጣላት አይደለም።

ሌሎችም ምርጥ ምድጃንና በ2001 ዓ.ም. የተጀመረውን የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም ይጠቅሱልናል። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ባዮጋዝ ከብትና ውሃ በግቢው ላለው ባላገር የሚስማማ ነው፤ በወረታ ከተማ በኪራይ ቤት የምትኖር እንጀራ ሻጭ ከብቱን የት ታስራለች? እንዲሁም ከጉማራ ወንዝ ዳር ያለውን የዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚያነሣ አልጠፋም። አይስላንዶች የሬይክያቪክን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በፍል ውሃ ማሞቅ የጀመሩት በ1930 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባም የተቈረቈረችው በፍል ውሃዋ አጠገብ መሆኑን ማን ይረሳል? የሆነ ሆኖ ዋንዛዬ ገላ ይፈውስ ይሆናል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ምጣድ 200 ዲግሪ ገደማ መጋል አለበት፤ ውሃ ደግሞ እንደ ወረታ ባለ ከፍታ 100 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ይፈላል።

በዚሁ ምክንያት የኮፐንሃገንን ቧንቧ እንዳለ አምጥተን በወረታ እንቅበር አንልም። ልንወስደው የሚገባን አሳቡን ነው። ዴንማርኮች በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ በናረባቸው ጊዜ ወደ ገዛ እርሻቸው ዞረው ተመለከቱ፤ በየሜዳው ይቃጠል የነበረውን የስንዴ ጭድ እያሰሩ ወደ ከተማ ማሞቂያ እቶን አስገቡት። ጭዳቸውን ያከበሩት ሀብታም ስለሆኑ አይደለም፤ ነዳጅ የሚገዙበት ገንዘብ ስለ ቈጫቸው ነው።

በወረታ ሊደረግ የሚቻለው ይህ ነው። ወፍጮዎቹ በሚበዙበት ስፍራ የጋራ የሆነ አንድ የገለፈት እቶን ይሠራ። ከእቶኑ ላይ በረድፍ ምጣዶች ይደርደሩ፤ ጋጋሪዎችም ሊጣቸውን ይዘው መጥተው፥ ለሰዓቱ ጥቂት ከፍለው ይጋግሩ። የሚተርፈው እንፋሎት በአጭር ቧንቧ ሄዶ ሩዙን ከነገለፈቱ ይቀቅል። እንዲህ ተቀቅሎና ደርቆ የሚፈለፈል ሩዝ በወፍጮ ውስጥ እምብዛም አይሰባበርም፤ ነጋዴው «የፎገራ ሩዝ ይሰባበራል» እያለ ከውጭ የመጣውን የሚያስበልጥበትም ምክንያት በከፊል ይቀርለታል። ከገለፈቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል አመድ ይቀራል፤ ይህም ለጡብና ለሲሚንቶ ሥራ የሚፈለግ ነው። ጭስ ማውጫው ረጅም፥ አመዱም ሳይደርቅ ውሃ እየተረጨ የሚነሣ መሆን አለበት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና ይህ ሳይሟላ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ ለሚለን፥ የከተማ ፕላን ሲነሣ ለውሃው ቧንቧ፥ ለመብራቱ ምሰሶ፥ ለጎርፉ ቦይ መስመር ሲሰመር ብዙ ጊዜ አይተናል። ለምድጃ መስመር ሲሰመር ግን አንድ ቀን እንኳ አላየንም፤ ምድጃ የሴቶች ጉዳይ ነው ተብሎ ከፕላኑ ውጭ ቀርቷል። በጀት የሚጠየቀው በፕላን ላይ ላለ ነገር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩ ይሰመር።

ከወረታ ከመውጣታችን በፊት ባለወፍጮውን አነጋግረነው ነበር። ያን ክምር የሚወስድለት ቢያገኝ ምን ያህል ያስከፍል እንደሆነ ጠየቅነው። «ዛሬ በነፃ ውሰዱ፤ እንዲያውም የጫኚውን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ» አለ። ጥቂት አሰበና፥ «ምጣድ የምትደረድሩበት ከሆነ ግን ዋጋውን ቀድመን እንነጋገር» ብሎ ሳቀ።