ከመስመሩ በፊት ዘንጉ ይታይ

ሰው ግራፍ ሲያይ ዓይኑ መስመሩ ላይ ያርፋል። እኔ ቀድሜ የማየው የዳር ቁጥሮቹን ነው፤ ከስንት ተነሣ? ስንት ላይ አበቃ? የውሃ ምርመራ ሪፖርት ማገላበጥ እንጀራዬ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኛል። ባልደረቦቼ ነገር ፈላጊ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶቻችን ብዙዎቹ ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ያለፈውን እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትም ይጎዳል። በቅርቡ እጄ በገባ አንድ ረቂቅ ሪፖርት ላይ የጉድጓዶቹ ውጤት በሰማያዊ ዓምድ፣ ጣሪያው በቀይ መስመር ተመልክቷል። አንድም ዓምድ ቀዩን አልነካም። እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ዳሩን እስኪያዩ ድረስ። የግራው ዘንግ ከ0 እስከ 6፣ የቀኙ ከ0 እስከ 2 ይሄዳል፤ ቀዩ መስመር የተሰመረው በቀኙ ልክ ነው። 1.5 የተባለው ጣሪያ በግራው ሲነበብ 4.5 ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። 4 ሚሊ ግራም የተለካበት ጉድጓድ ከመስመሩ በታች ሆኖ ደህና መስሏል። ከተለኩት ቁጥሮች አንዱም አልተነካም። ኤክሴል ለሁለተኛው ዘንግ የመሰለውን ልክ ሰጠው፤ አዘጋጁም እንዳለ ተቀበለው።

ማረሚያው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ዓምዱም መስመሩም በአንድ ዘንግ ይነበቡ፤ መነሻውና መድረሻው በእጅ ይጻፍ፤ ልኩም ትልቁን ውጤትና ጣሪያውን አብሮ ይያዝ። ፕሮግራሙ ልኩን የሚመርጠው የተሰጡትን ቁጥሮች አይቶ ነው፤ ሰው ምን ሊወስንበት እንደሆነ አያውቅም።

"ሁልጊዜ ከዜሮ ጀምር፣ ትድናለህ" የሚሉም አሉ። ለዓምድ ልክ ናቸው፤ ርዝመቱ ራሱ መጠኑ ነውና። ለመስመር ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 ናሽናል ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዓለምን አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 110 ዲግሪ ፋራናይት በሚደርስ ዘንግ ላይ አሳየ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከዚያ ዓመት የታየው ጭማሪ 2 ዲግሪ ፋራናይት እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ120 ዲግሪ ቁመት ውስጥ መስመሩ ዝርግ ሆኖ ቀረ። ምድርን ያስጨነቃት ግን ያው 2 የማይሞላው ጭማሪ ነበር። ዘንግ መዘርጋት ያለበት ጉዳት በሚያመጣው ለውጥ ልክ ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክር መምህር፣ ሪፖርት ላይ የሚፈርም ኃላፊ፣ ግራፍ የሚያትም አዘጋጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህን መነሻና መድረሻ ማን፣ ለምን መረጠው? "ፕሮግራሙ ነው ያወጣው" የሚል መልስ ከመጣ ወረቀቱ ሳይፈረምበት ይመለስ።