ቀለበቱን ለአምበሉ የሰጠው ወጣት

ልጅዎ ከልምምድ ተመልሶ ቦርሳውን ጥግ ላይ ወርውሮ ‹‹አልተመረጥኩም›› ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? አንዳንዶቻችን ‹‹ድሮም ትምህርትህን ያዝ ብዬህ ነበር›› እንላለን። ሌሎቻችን አሰልጣኙን እንወቅሳለን። ሁለቱም መልሶች ልጁን ብዙ አያራምዱትም። በዚህ ወር፣ ደጋግሞ ‹‹አትሆንም›› የተባለ የአንድ አውስትራሊያዊ ወጣት ታሪክ እናውጋዎ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆናታን ተርስተን በ1983 በብሪዝቤን ከተማ ተወለደ። ልቡ የነበረው ራግቢ ሊግ ላይ ነው። ጨዋታው ለእኛ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት እንበል። በእያንዳንዱ ወገን 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሞላላዋን ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ ከተጣለ ኳሷን ለተጋጣሚው ያስረክባል። 80ው ደቂቃ የሚያልፈው በግጭት ነው። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው እየሮጠ መጥቶ ደረትዎን ሲመታዎት ያስቡት!

ተርስተን ደግሞ ቀጭን ነበር። ክለቦች ሰውነቱን እያዩ አለፉት። በመጨረሻ ዕድል የሰጠው የሲድኒው ካንተርበሪ ቡልዶግስ ሲሆን፣ በ2002 ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ቋሚ ተሰላፊ ግን አልሆነም፤ በዚያ ቦታ ከእሱ የቀደሙ ነበሩ።

በ2004 ቡልዶግስ ለፍጻሜ ደረሰ። አምበሉ ስቲቭ ፕራይስ ግን ጉልበቱን ተጎድቶ ከጨዋታው ውጪ ሆነ። የ21 ዓመቱ ተርስተን ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ገባ፤ ቡድኑም ሲድኒ ሩስተርስን 16 ለ 13 አሸንፎ ዋንጫ አነሳ። ለአሸናፊዎቹ የሻምፒዮና ቀለበት ይሰጣል። ብዙ ተጫዋች ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶ የማያገኘው ነገር ነው። ተርስተን የራሱን ቀለበት ወስዶ ለፕራይስ ሰጠው። ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን የመራው አምበሉ ስለሆነ፣ ቀለበቱ የሚገባው ለእሱ ነው ብሎ አመነ።

በ2005 ወደ ታውንስቪል ሄዶ ኖርዝ ኩዊንስላንድ ካውቦይስን ተቀላቀለ። እዚያ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመቱ የሊጉን ኮከብ ተጫዋች ሽልማት፣ ዳሊ ኤም ሜዳሊያን አገኘ። ቡድኑም ለፍጻሜ ቢደርስም ተሸነፈ። ያን የሰጠውን ቀለበት የሚተካ ሌላ ለማግኘት አሥር ዓመት ጠበቀ። በ2015 ፍጻሜ፣ መደበኛው ሰዓት ባበቃበት ቅጽበት፣ ጨዋታውን የምታሸንፈው ምቱ የጎሉን ቋሚ ገጭታ ተመለሰች። ከደቂቃዎች በኋላ በጭማሪው ሰዓት ዳግም መታ፤ ገባች። ካውቦይስ 17 ለ 16 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

እውነቱን እንነጋገር፦ ያልተመረጠ ልጅ ሁሉ ተርስተን አይሆንም። የአብዛኞቹ ጉዞ ሰፈር ሜዳ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ‹‹ትምህርትህን አትተው›› ማለትዎ ትክክል ነው። ነገር ግን ትምህርትን የስፖርት ቅጣት አድርገው አያቅርቡት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። የ15 ዓመት ልጅ ቁመትና ኪሎም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ሰውነቱ ገና እያደገ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቀለበቱን ያስቡት። ቡድን ውስጥ ያደገ ልጅ ፕሮፌሽናል ባይሆንም የሌላውን ድካም ማየት ይማራል። ይህን ደግሞ በቢሮም፣ በትዳርም፣ በጉርብትናም ይፈልገዋል። እንግዲህ ልጅዎ ቅዳሜ ከሜዳ ሲመለስ ‹‹ስንት አገባህ?›› ከማለትዎ በፊት ‹‹ዛሬ ለማን አቀበልክ?›› ብለው ይጠይቁት። መልሱን ቁጭ ብለው ያዳምጡት።