ወንበሩን የወገን ድርሻ አታድርጉት

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ይህን የምናገረው ለወጣቱ አይደለም፤ ሽማግሌ ተብለን ለምንቀመጠው ለእኛው ነው። አዲስ አፈ ጉባኤ በተሰየመ ቁጥር ቀድመን የምንጠይቀው «የማን ወገን ነው?» ብለን ነው። የእኛ ከሆነ መርቀን እንሸኛለን፤ ካልሆነ ተገፋን እንላለን። በዚህ ልማድ ከቀጠልን ወንበሩ የማንም አይሆንም።

በጃንሆይ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን ፕሬዚዳንት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ወንበሩ ክብር አልጎደለውም፤ ክብሩ ግን ከቤተ መንግሥት የተዋሰው ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ፓርላማውን ዘጋ። ኅዳር 14 ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት መካከል በዚያ ወንበር ተተካክተው የተቀመጡት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ነበሩ። ምን አጥፍተው ነው ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት አልቀረም ነበር። ያን ጊዜ ስንቶቻችን አጨብጭበናል!

ከ1987 ወዲህ አፈ ጉባኤ በአባላቱ ድምፅ ይሰየማል። ይሁንና ሁላችንም እንደምናውቀው ስሙ አስቀድሞ የሚቆረጠው በድርጅት ነው፤ ድርጅቱም ሹመቱን ለየብሔሩ ሲያመጣጥን ኖሯል። ያፈራነውን እንይ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ወይዘሮ አልማዝ መኮ በ1993 ክረምት የኦሮሞን ሕዝብ በደል ጠቅሰው አሜሪካ ቀሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳ በ2010 መባቻ ሕዝቤና ድርጅቴ ተናቁ ብለው መልቀቂያ አስገቡ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም በሰኔ 2012 የምርጫውን መራዘም ተቃውመው ለቀቁ፤ ምክንያታቸው ሕገ መንግሥቱ ነበር፣ የድርጅታቸው የሕወሓት አቋምም ያው ነበር። ሦስቱንም አልወቅስም፤ ምናልባት ከመቅረት ለመሄድ መነሣታቸው ይሻላል። የሚያስፈራኝ ግን ጠብ ሲመጣ በወንበሩ ላይ ሆኖ ሁለቱን ወገን የሚዳኝ ሰው አለመገኘቱ ነው። ወገን ወክሎ የተቀመጠ ሰው ወገኑ ሲከፋው ከመነሣት በቀር ምን ምርጫ አለው?

የካቲት 23 ቀን 2010ን አትርሱ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲጸድቅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር፤ ይህ ደግሞ አይሞላም። በኋላ ስሕተት ነው፣ 395 ነው ተባለ። የትኛው ትክክል እንደሆነ መሟገት አልፈልግም። በዚያ ቀን ግን 88 አባላት እጃቸውን ለተቃውሞ አውጥተው ነበር፤ መቀመጫው ሁሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ በተያዘበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኛ ሽማግሌዎች ስለነዚያ እጆች ምን አልን? ቆጠራው ይጣራ ያለ ከመካከላችን ነበር? እኔ አልሰማሁም።

ለዚህ ነው የማስጠነቅቃችሁ። የሚመጣው ጠብ ካለፈው የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ሁሉም «ቆጠራውን አምናለሁ» የሚለው አንድ ሰው ከሌለ የሚቆጠረው ድምፅ ሳይሆን ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ለሹመት ደስታ ካባ አሠርተን አንሰለፍ፤ መንገድ አሠራልን፣ ልጃችንን አስቀጥርልን የሚል አቤቱታም አፈ ጉባኤውን በልጅነት ስሙ ጠርተን አንላክለት። ከሄድን፣ ሄደን የምንጠይቀው ይህን ይሁን፤ ባለፈው ስብሰባ ለተቃወሙህ ስንት ደቂቃ ሰጠሃቸው?