በፊት ውስጥ የተሰወረው የደዌ መንገድ

የሰው ፊት ለሚመለከተው ሁሉ የተገለጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቆዳው በታች ያለው ከዓይን የተሰወረ ነው። በጡንቻና በአጥንት፣ በመንጋጋና በጉሮሮ መካከል እርስ በርሳቸው የተያያዙ ክፍተቶች ስላሉ፣ በአንድ ጥርስ ሥር የተጀመረ መግል በእነዚህ መንገዶች እየተጓዘ ካልታሰበ ስፍራ ሊደርስ ይችላል።

ከታችኛው የመንጋጋ ጥርስ የተነሣ መግል ከምላስ በታች በገባ ጊዜ፣ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ አንገት ያብጣል፤ የትንፋሽም መንገድ ይጠባል። ይህን ደዌ የጀርመን አገር ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪኽ ፎን ሉድቪግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. ገልጾ ስለ ጻፈው በስሙ ይጠራል። መግሉ በጉሮሮ ጎን አልፎ ልብና ሳንባ ወዳሉበት ወደ ደረት የሚወርድበት ጊዜም አለ። ከላይኛው ጥርስ የተነሣው ደግሞ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ እስከ ዓይንና እስከ አንጎል ይደርሳል።

የጥንት ሐኪም እብጠቱን በእጁ ከመዳሰስ በቀር የውስጡን የሚያይበት ዘዴ አልነበረውም። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ራጅን ካገኘ በኋላ አጥንትና ጥርስ ታዩ፤ ሥጋና መግል ግን በሚገባ አልተለዩም። በ1971 ለንደን ላይ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በሠራው መሣሪያ የሕመምተኛ ራስ ውስጡ በየገጹ ተከፍሎ ታየ። ለዚህም ሥራ እርሱና አላን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ሐኪሙ በሲቲ ስካን መግሉ የት እንደ ተጠራቀመ፣ በየትኛው ክፍተት እንደ ተስፋፋ፣ የትንፋሽ መንገድም ምን ያህል እንደ ጠበበ ለይቶ ያውቃል፤ ምላጩንም የሚያሳርፈው በሚገባው ስፍራ ነው።

ይሁን እንጂ ሥዕል መድኃኒት አይደለም። መተንፈስ የተሳነው ሕመምተኛ አስቀድሞ ትንፋሹ ሊጠበቅለት ይገባል እንጂ ሥዕል ለመነሣት በጀርባው ተጋድሞ ሊቆይ አይገባውም። ስለዚህ ዋጋው የከበደው መሣሪያ የሚያሳየው የመንገዱን ፍጻሜ ሲሆን፣ መንገዱን ከመነሻው የሚዘጋው ግን በጊዜው የታከመ አንድ ጥርስ ነው።

መሣሪያው ከዋና ከተማ ውጭ ላሉ ታላላቅ ሆስፒታሎችም፣ ሥዕሉን ከሚያነብ ባለሙያ ጋር መዳረሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ የጥርስ ሐኪም ለሕዝቡ ቅርብ ሊሆን ያስፈልጋል፤ በየሆስፒታሉ ታላቅ መሣሪያ አቁሞ በየወረዳው ጥርስ የሚያክም ማጣት ጣራ ሠርቶ መሠረትን እንደ መርሳት ነውና።

ሕዝቡም የጥርስን ሕመም በቅርንፉድ እያስታገሠ ቀን ከመግፋት ይልቅ በጊዜው ይታከም። አገጩ ሥር ያበጠ፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ግን ነገን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለጥርስም የተነገረ ነው።