ከዐረፋ ሜዳ ስልክ ለምን አልገባ ይላል?

የዐረፋ ዕለት እናት ሐጅ ላይ ላለው ልጃቸው ይደውላሉ፤ አልገባ ይላል። ደግመው ይሞክራሉ፤ ያው ነው። በ2015 ሚና ላይ የአገራችን ሰዎችም ካለቁበት መጨናነቅ ወዲህ ደግሞ (አላህ ይዘንላቸው) ሐሳባችን ቶሎ ወደ ክፉው ይሄዳል። እስኪ ሰከን ብለን ከስልኩ ጀርባ ያለውን መሣሪያ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ሁለት ሞባይሎች በአየር ላይ በቀጥታ የሚነጋገሩ ይመስለዋል። አይደለም። ስልካችን በሬዲዮ ሞገድ የሚያነጋግረው ቅርብ ያለውን ማማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃችን በአብዛኛው በገመድ ይጓዛል፣ ባሕሩንም የሚሻገረው በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ነው። እንግዲህ ጠባቡ በር ማማው ነው ማለት ነው።

በ1947 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራው ዳግላስ ሪንግ አገሩን እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ክፍሎች መሸንሸንን አሰበ። ለየክፍሉ አንድ ጣቢያ ይቆማል፤ አንዱ ሞገድ ራቅ ባለው ክፍል እንደገና ያገለግላል። ሐሳቡ ለሕዝብ አገልግሎት ለመብቃት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀበት። ኤንኤምቲ የተባለውን የስካንዲኔቪያ ሥርዓት በ1981 ሳዑዲ ዐረቢያ ከስዊድን ቀድማ መጀመሯን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ1991 ፊንላንድ ውስጥ የተጀመረው ጂኤስኤም አንዱን የሞገድ መስመር ቢበዛ ለ8 ተናጋሪ በተራ ያድላል። ተራው በሴኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚመላለስ መቆራረጡ አይሰማም። ዘጠነኛው ሰው ግን ሌላ መስመር ካላገኘ ውጭ ይቀራል። ያኔ ጣቢያው ማቀዝቀዣ የሚሻ ቁም ሣጥን ነበር፤ ሞገዱም በወፍራም ገመድ ማማው ጫፍ እስኪደርስ ጉልበቱ ይባክን ነበር። ዛሬ የሬዲዮው ክፍል ራሱ አንቴናው አጠገብ ይሰቀላል፤ ከታች የሚወጣለት ቀጭን የፋይበር ገመድ ነው። በ5ጂ እስከ 64 የሚደርሱ አስተላላፊዎች አንድ ሣጥን ውስጥ ሆነው ሞገዱን ወደ ተጠቃሚው ያነጣጥራሉ።

ይህም ሆኖ በ2024 ሐጅ ያደረገው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ስልክ ሲያነሳ ማማው ይሞላል፤ ስለዚህ በየአቅራቢያው ትናንሽ ጣቢያዎች ይጨመራሉ፣ በመኪና የተጫኑም ይመጣሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተስማሙ። ጽሑፍ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ጥሪ በማይገባበት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። እናትም ይላኩ፤ የልጃቸው ስልክ ቢዘጋ እንኳ መልእክቱ ማዕከሉ ውስጥ ቆይቶ ሲከፈት ይደርሰዋል።