ስሙን ሲጠሩት የማይዞረው ልጅ

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። ሳል የለበትም፣ ትኩሳት የለበትም። «ዶክተር፣ ልጄ አፉን አልፈታም። ስሙን ስጠራውም አይዞርም» አለችኝ። መዘንኩት፤ ኪሎው ጥሩ ነው። ጆሮውን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የጠርሙስ ክዳን ያሾራል፤ ሲወድቅ ያነሳና መልሶ ያሾረዋል። አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየንም። ደጅ ወረፋው ረጅም ነበር። «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ትንሽ ጠብቂው» ብዬ ሸኘኋት።

አምናኝ ጠበቀች። ስትመለስ ልጁ አራት ዓመት አልፎት ነበር፤ አሁንም አንድ ቃል የለውም። ያንን ዓመት ከመንፈቅ ያጠፋሁባት እኔ ነኝ።

የልጆች ዕድገትና ባሕርይ ሕክምና ስለሚባለው ዘርፍ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ቤሪ ብራዘልተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ቴክሳስ ውስጥ ተወልደው፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ያህል ሲቀራቸው በ2018 አርፈዋል። ወጣት ሐኪም በነበሩበት ዘመን አራስ ሕፃን አጥርቶ አያይም፣ ሰው አይለይም ይባል ነበር። እሳቸው ግን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ማየት ያዙ።

በ1973 ያሳተሙት የአራስ ሕፃን ምርመራ የሚጠይቀው የእጅ ባትሪ፣ ቃጭል፣ ሲነቀንቁት የሚንኳኳ መጫወቻና ቀይ ኳስ ነው። በተኛ ሕፃን የተጨፈነ ዓይን ላይ ባትሪው ሲበራ ሕፃኑ ይደነግጣል። ሲደጋገም ድንጋጤው እየቀነሰ ይሄድና እንቅልፉን ይቀጥላል፤ አላስፈላጊውን ነገር መዝጋት ይችላል ማለት ነው። ሲነቃ ደግሞ ሐኪሙ በአንድ ወገን፣ እናቱ በሌላ ወገን ሆነው ይጠሩታል። ሕፃኑ ወደ እናቱ ይዞራል። እኔ ራሴ ይህንን ለአንዲት አራስ ባሳየኋት ጊዜ «አወቀኝ!» ብላ ክንዴን ይዛ ቀረች።

ብራዘልተን በ1972 ቦስተን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል የልጆች ዕድገት ክፍል አቋቁመው ለወጣት ሐኪሞች ያስተማሩት ይህንኑ ማየትና ማዳመጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሙያው ራሱን የቻለ ንዑስ ስፔሻሊቲ ሆኖ የመጀመሪያው የብቃት ፈተና የተሰጠው በ2002 ነው። ሐኪሙ የሕፃናት ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ ሦስት ዓመት ይጨምራል። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ከሰዓት በላይ ይቀመጣል፤ ቀዶ ጥገና የለ፣ መርፌ የለ። ስለዚህ ክፍያው ከብዙዎቹ ዘርፎች ያንሳል፣ የሚመርጠውም ጥቂት ነው፤ እዚያም ወረፋው በወራት ይቆጠራል።

በዚያው በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበሩም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እኛ ሐኪሞች መቅደም የነበረብንን እናት ቀደመችን። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እዚህ ስፔሻሊስት እስኪበዛ መጠበቅ የለብንም። አንድ ነገር በእጃችን አለ፤ ክትባት። እናቶቻችን ለኩፍኝ ክትባት ልጃቸውን በ9 ወርና በ15 ወር ያመጣሉ። ከዚያ በኋላ ካልታመመ በቀር የሚመጣ ልጅ ጥቂት ነው። አፍ የሚፈታበት ጊዜ ደግሞ ይኸው ነው። የ15 ወሩ ክትባት ላይ መርፌውን የምትወጋው ነርስ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ዓይን ዓይንሽን እያየ ይስቃል? በ«ወፌ ቆመች» መቆሙን የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህንንም አስተውሎ መመለስ አያቅተውም።

መልሱ «የለም» ከሆነ የልጁ መስማት በመሣሪያ ይመርመር። ውጤቱ እስኪመጣም እናቲቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንዴት እንደምታጫውተው ትታይ። የምትመለስበት ቀንም ካርዱ ላይ ይጻፍላት።