የልጅ ዝምታና የቤት ኑሮ

ልጅ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ ድንገት ዝም ቢል፤ ወይም ቍጡ ቢሆን፤ ብዙዎች ወላጆች ጠባዩ ከፋ ይላሉ፤ አንዳንዱም አለንጋ ያነሣል። እኛ ግን አስቀድሞ የቤቱ ኑሮ ቢመረመር እንወዳለን።

ስለዚህ ነገር በሩቅ አገር የተደረገ አንድ ረጅም ምርምር አለ። በሐዋይ ካሉት ደሴቶች ካዋይ በምትባለው፤ ኤሚ ወርነር የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓመተ ምሕረት የተወለዱትን 698 ልጆች እስከ ጕልምስና ድረስ ተከታተሉ። ድህነት፤ የወላጅ ጠብ፤ ስካርና ይህን የመሰለው መከራ በተደራረበበት ቤት ካደጉት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው በትምህርት፤ በጠባይ ወይም በአእምሮ ችግር ላይ ወደቁ፤ አንዱ እጅ ግን በደኅና አደገ። እነዚህ ደኅና ያደጉት የሚታመኑበት ሰው ነበራቸው፤ ከወላጆች ባይሆን አያት፤ ወይም አክስት፤ ወይም ታላቅ እኅት።

በኛ ቤት አያት ይህን ሥራ ማንም ሳያዛት ትሠራዋለች፤ የሚጐድለው ብዙ ጊዜ አባት ነው። ስለዚህ ክቡር አንባቢያችን፤ ማታ ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱ ይህን ጋዜጣ እንኳ ቢሆን አስቀምጠው ልጅዎን ከማዕድ ያቅርቡት፤ ሳይቈጡም ይስሙት፤ ከእናቱም ጋር ያለዎን ክርክር በፊቱ አያድርጉት። ዝምታው ሁለት ሳምንት ቢያልፍ፤ ምግብና እንቅልፍም ቢያጣ፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት እንጂ ከጎረቤት አይሸሽጉት፤ ሞትን ያነሣ እንደ ሆነ ግን በዚያው ቀን ይውሰዱት።